ሰባተኛው ጠርሙስ

ካሊፑቹንግ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2013

ንዱክ ራትሪ፣ ልጄ፣

ከሁሉ በፊት ደህና ነሽ ወይ? የባንዱንግ ብርድ አልበረታብሽም? ያ ትኩሳትስ አልተመለሰብሽም? እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ ስልክ ላይ ጭራሽ ከድቶኛል። ባለፈው ስትደውዪ “ጋዙ እንዴት ነው?” ያልሽኝን “ጓዙ” ብዬ ሰምቼ፣ የእህቴ ልጅ ጓዙን ጠቅልሎ ሴማራንግ መግባቱን ስተርክልሽ ካርድሽን አስጨረስኩሽ። ከእንግዲህ እንጻጻፍ።

ፊደሌ ዶሮ የጫረው መምሰሉን አትታዘቢኝ። እስከ ዛሬ የምትጽፍልኝ ዳርሚ ነበረች። ሃያ ዓመት ከእኔ ጋር አኩሪ አተር ስትፈጭ፣ ስታፈላ፣ ታሁውን እንደ አይብ አርግታ ስትቆርጥ የኖረች ሴት፣ አሁን እጇ ሥራ ላይ፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ባሏ ታርኪም ሰው አፍ ገብቷል። ስለዚህ አራተኛ ክፍል ላይ የጣልኩትን እርሳስ አነሳሁ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። እሳቱ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። ከዚያ እያነሰ እያነሰ ሽንብራ አከለ። ከጃንዋሪ ሦስተኛ ሳምንት ወዲህ ጨርሶ የለም። ሠላሳ አራቱም ማድቤት ወደ እንጨት ተመልሷል። ሁለት ዓመት እኔ ቤት እያደርሽ ያስቆፈርሽው የጋዝ ጉድጓድ አሁን ክዳኑ ላይ ዶሮ ይተኛበታል።

ሽታው እንደ ቆየ ኮምጣጤ ነው። ጉድጓዱን የሚጠብቀው ታርኪም እንደ ነገርሽው ኖራ ጨመረበት፤ ምንም አልሆነም። ሰው ግን “የቦዩ በር ቁልፍ በእሱ እጅ አይደል? በሩን ከፍቶ እየተኛ የአሥራ አንዱን ታሁ ቤት አጓት ባንዴ ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቀበት” ይላል።

ናሙናውን ማን ይቅዳ ላልሽው፣ ራሴ ቀዳሁት። ከእያንዳንዱ ታሁ ቤት አንድ ጠርሙስ አጓት። ከቦዩ ራስ አንድ ብዬ እስከ ጉድጓዱ አፍ አሥራ አንድ፤ ቁጥሩን በቀይ ጽፌበታለሁ። ሰባተኛው የእኔው ቤት ነው። ለአውቶቡሱ ሹፌር በአደራ ሰጥቼዋለሁ። የተጠበሰ ቴምፔም፣ ያ የምትወጂው የአኩሪ አተር ጥፍጥፍ፣ አለበት፤ ከጠርሙሶቹ አርቄ አስሬዋለሁ።

እናትሽ ዋርሲያህ

ባንዱንግ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2013

ለቡ ዋርሲያህ፣ ለሁለተኛ እናቴ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጽሑፍዎን ለማንበብ አልተቸገርኩም፤ እንዲያውም ከዳርሚ ጽሑፍ ይልቅ ድምፅዎ ይሰማበታል። ቴምፔውን ለቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ አካፈልኩት። አንዱ ባልደረባዬ “ይኼኛው ናሙና ቁጥር ስንት ነው?” ብሎ አሳቀን። ትኩሳቱም አልተመለሰብኝም፤ አያስቡ።

ጠርሙሶቹ ሳይሰበሩ ደርሰዋል። በአሥራ አንዱም ውስጥ አተላውን የሚገድል ነገር አላገኘሁም።

“ታዲያ ያለ መርዝ እንዴት ይሞታል?” ይሉኝ ይሆናል፦ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አተላ እንደ መንደር ነው፤ ብዙ ዓይነት ተህዋስያን አብረው ይኖሩበታል። ግማሾቹ አጓቱን በልተው ኮምጣጣ ያወጣሉ። ሌሎቹ ያንን ኮምጣጣ በልተው ጋዙን ይሰጡናል። የፊተኞቹ ብርቱ በላተኞች ናቸው፣ ቶሎ ይራባሉ። ጋዝ ሰጪዎቹ ግን ዘገምተኛና ስስ ናቸው። አጓቱ ከመጠን ሲያልፍ የፊተኞቹ ይፈነጫሉ፣ ኮምጣጣው ይሞላል፣ የኋለኞቹ ይታፈናሉ። ያን ጊዜ ማድቤት ውስጥ እሳት የለም።

የመንደሩ ሹም ፓክ ሶዲክ መልሱን በጽሑፍ ካልላክሽ ብሎ አጣድፎኝ ነበር። ከትናንት በስቲያ “ጉድጓዱ ከሚችለው በላይ አጓት ሳይገባበት አልቀረም” ብዬ ላክሁለት። የማንንም ስም አልጠራሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አራተኛውና ሰባተኛው ጠርሙስ በየትኛው ቀን ነበር የተቀዱት? ለመዝገቤ ያህል ነው።

ደግሞ በደብዳቤዎ ግርጌ ጽፈው መልሰው የሰረዙት አንድ መስመር አለ። “ሰው ቢ…” ከሚለው በቀር ማንበብ አልቻልኩም። የፈለጉት ነገር ካለ እባክዎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ራትሪ

ካሊፑቹንግ፣ ማርች 21 ቀን 2013

ንዱክ፣

ሳልጽፍልሽ ሦስት ሳምንት አለፈ። በሽታ አይደለም። እርሳሱን አነሳና የምለው ሲጠፋኝ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እንደ ጨዋ ሰው ቶሎ ባለመመለሴ አፍሬአለሁ።

ታርኪም ምን ሆነ ትዪኝ ይሆናል። የሆነውን እነግርሻለሁ።

ፓክ ሶዲክ ሰውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስቦ ደብዳቤሽን አነበበው። ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ “ከመጠን በላይ ገብቷል ነው የሚለው። በሩን የሚከፍተው ማነው?” አለ።

ታርኪም ከምንጣፉ ጫፍ ተነሣ። “እኔ ነኝ” አለ። “ራትሪ በሩ ላይ በቀለም ካሰመረችው መስመር አጓት አሳልፌ አላውቅም። መስመሩ አሁንም አለ፤ ሄዳችሁ እዩት።”

“መስመሩን እያንጎላጀህ ነው የምታየው?” አለው ካርሶ፣ አራተኛው ታሁ ቤት ያለው። “የአንተ ዓይን እኮ ከቀትር በኋላ አንድ መስመር ሁለት አድርጎ ነው የሚያየው።”

ሰው ሳቀ። ታርኪም ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና “ለሚያይ ሰው ስጡት” ብሎ ወጣ። በማግሥቱ ቺላቻፕ ወረደ። ወደብ ላይ ከረጢት ይሸከማል አሉ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው።

ዳርሚ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ አልመጣችም። አጥሩ ላይ ተያይተን ራሷን ነቅንቃልኝ አለፈች። እኔም ነቀነቅሁላት።

ስለ ጠርሙሶቹ ላልሽው፣ ቀኑን ረሳሁት። አርጅቻለሁ እኮ። የሰረዝኩትም መስመር ቁም ነገር አልነበረውም።

ይልቅ አንድ ነገር ንገሪኝ። አንድ የማይስማማ ነገር አተላው ውስጥ ቢገባ፣ ሲቆይ ራሱ አይጠፋም? ውሃ አይደል?

ዋርሲያህ

ባንዱንግ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2013

ለቡ ዋርሲያህ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የላኩልኝን የጃቫ ስኳር ተቀብያለሁ። ይኼን ያህል ማስቸገሬ ያሳፍረኛል፤ እባክዎ ከእንግዲህ ምንም አይላኩልኝ።

ለጥያቄዎ መልሱ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ የሠራሁትን ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት ጉድጓዱ ደህና ሳለ የወሰድኩት አተላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበረኝ። በትንንሽ ጠርሙስ ከፋፍዬ በጎማ ደፈንኩት። ለአንዳንዶቹ አጓት አበዛሁባቸው፣ ልክ ታርኪም አደረገ እንደ ተባለው። ለሌሎቹ ተህዋስያኑን የሚያግዱ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች ጨመርኩ። ከጎናቸው በጃንዋሪ ከሞተው ጉድጓድ የመጣውን አተላ አስቀመጥኩ። ከዚያ ለሁሉም ኖራ ሰጥቼ፣ መብሉን ቀንሼ፣ ሙቀት ውስጥ አቆየኋቸው።

አጓት የበዛባቸው በሦስት ሳምንት ጋዝ መስጠት ጀመሩ። የእናንተው አተላ ግን ዝም እንዳለ ነው። ዝም ያለው ደግሞ ከአንደኛው ጋር ብቻ አብሮ ነው፤ ፎርማሊን በብዛት ባንዴ ከደፋሁበት ጋር። በሁለቱም ውስጥ ኮምጣጣ ሠሪዎቹ አሉ፤ ጋዝ ሰጪዎቹ ጠፍተዋል። ማን እንደ ቀረና ማን እንደ ጠፋ ስቆጥር የሁለቱ ዝርዝር ልክ አንድ ሆነብኝ።

ለጥያቄዎ እንግዲህ፦ አዎን፣ ይጠፋል። አሁን ጉድጓዱ ውስጥ ብፈልገው ፎርማሊኑን አላገኘውም። ጥቂት በጥቂት ቢገባ ተህዋስያኑ ራሳቸው ይለምዱታል፣ በልተውም ይጨርሱታል። እንደሚመስለኝ ለወራት ጥቂት በጥቂት ገብቷል፤ እነሱም ችለውት ነበር። የገደላቸው አንድ ቀን በገፍ የተደፋው ነው።

ፎርማሊን ሬሳ እንዳይፈርስ የሚያደርጉበት መሆኑን ያውቃሉ። ታሁ እንዳይኮመጥጥ የሚነክሩበት ሰዎች እንዳሉም ይወራል።

ይኼን እስካሁን ለማንም አላሳየሁም። መጀመሪያ ለእርስዎ ጻፍኩ። ለምን ለእርስዎ እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ እኔም አልጠይቅዎትም።

ራትሪ

ካሊፑቹንግ፣ ጁን 3 ቀን 2013

ንዱክ፣

ሁለት ደብዳቤ ላክሽልኝ፣ ሁለቱንም ሳልመልስ ቆየሁ። በሁለተኛው “ታመው ይሆን?” ብለሽኛል። አልታመምኩም። ብታመም እመርጥ ነበር።

እኔ ነኝ።

ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ከኤፕሪል እስከ ዛሬ ፈጀብኝ። ከዚህ በኋላ ያለው ይቀላል መስሎኝ ነበር፤ አይቀልም።

ባለፈው ሴፕቴምበር ድልድዩ ተሰብሮ መኪናው በተራራው በኩል መዞር ሲጀምር፣ ታሁዬ ቴጋል ገበያ ሳይደርስ መኮምጠጥ ያዘ። ሁለት ጊዜ ሙሉውን ጭነት መለሱብኝ። ጭነቱን የሚረከበኝ ነጋዴ “ቡ፣ ሌላው ሁሉ የሚያደርገውን ታውቂያለሽ፤ አንቺ ብቻ ነሽ ጻድቅ?” አለኝና ነጭ ጀሪካን አወረደልኝ። ለአንድ በርሜል አንድ ክዳን። ታሁው ሦስት ቀን እንደ ጎማ ይቆያል። ዝንብ እንኳ አያርፍበትም። ዝንብ ሲሸሸው እያየሁ ሸጥኩት።

በጃንዋሪ የጤና ቢሮ ሰዎች ጎረቤት ወረዳ ገቡ ሲባል፣ ዝናብ በሚወርድበት ማለዳ የቀረውን ሁሉ ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። ዝናቡ ይወስደዋል አልኩ። ቦዩ ወዴት እንደሚሄድ የማላውቅ ይመስል። ስታስቆፍሪው ለሠራተኛው ሩዝ ያበሰልኩት እኔ አይደለሁም?

ጠርሙሱን ጠይቀሽኝ ነበር። ሰባተኛውንም የቀዳሁት ከካርሶ ጋን ነው። የእኔን ጋን ባጥበውም አላመንኩትም።

አዳራሹ ውስጥ ካርሶ ሲቀልድ “ሰው ሳቀ” ብዬ ጻፍኩልሽ። እኔም ስቄአለሁ። ዳርሚ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ከዚህኛው ያንሳል። ለልጅ ልጆቼ የሚሆነውን ታሁ መድኃኒት ሳይነካው ለብቻው፣ በሰማያዊ ሳህን አስቀምጥ ነበር። ዳርሚ ደግሞ ሥራ ከጀመረች አንሥቶ ወደ ቤቷ ስትሄድ አሥር ቁራጭ ትይዛለች፤ ልማዳችን ነው። ከሰማያዊው ሳህን ባነሣላት “ዛሬ ለምን ከዚህ?” ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ለገበያ ከነከርኩት እያነሣሁ ሰጠኋት። አራት ወር ሙሉ በሙዝ ቅጠል የጠቀለለላት ይኼ እጄ ነው። እሷም በየቀኑ “አላህ ይስጥልኝ” እያለች ወሰደች።

የሰረዝኩት መስመር “ሰው ቢበላውስ ምን ይሆናል?” የሚል ነበር።

ስሜን ከዚህ በታች አልጽፍም። ታውቂዋለሽ።

ባንዱንግ፣ ጁን 12 ቀን 2013

ለቡ ዋርሲያህ፣

ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት።

“ትጠላኝ ይሆን?” ብለው ከሆነ፣ አልጠላዎትም። “ሰው ቢበላውስ?” ላሉት ግን መጠየቅ ያለባት ዳርሚ ናት። ሆዷን አሟት እንደሆነ፣ ጉሮሮዋን አቃጥሏት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ሐኪም ልትታይ ይገባታል። ለመታየት ደግሞ መጀመሪያ የበላችውን ማወቅ አለባት።

አሁን የእኔን ይስሙኝ። አራተኛውና ሰባተኛው ጠርሙስ አንድ መሆናቸውን ያወቅሁት በፌብሩዋሪ 20 ነው። ከሁለት ጋን የተቀዳ አጓት እስከ መጨረሻው ጠብታ አንድ ሊሆን አይችልም። ለፓክ ሶዲክ የጻፍኩት በ25 ነው። አምስት ቀን ሙሉ እያወቅሁ ቆየሁ፣ ከዚያ እያወቅሁ ፈረምኩ። “ከመጠን በላይ አጓት” ስል የማን ስም እንደሚነሣ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። በሩ አንድ፣ ቁልፉም አንድ ነው።

እርስዎ ቤት በትኩሳት ወድቄ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲቀያይሩልኝ የነበረውን እያሰብኩ ነው የፈረምኩት። እንደ ውለታ መመለስ ቆጥሬው ነበር። የመለስኩት ግን በፓክ ታርኪም ኪሳራ ነው።

ለፓክ ሶዲክ ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ጉድጓዱን የገደለው ፎርማሊን መሆኑን፣ የፊተኛው ደብዳቤዬ ስህተት መሆኑን፣ ስህተቱንም እያወቅሁ መሥራቴን ይናገራል። የእርስዎን ስም አልጻፍኩበትም። በጁላይ 10 ፖስታ ቤት እጥለዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ያለው ቀን የእርስዎ ነው። ከዚያ በላይ አልጠብቅም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ራትሪ

ካሊፑቹንግ፣ ጁላይ 7 ቀን 2013

ንዱክ፣

ደብዳቤሽን ጣዪው። የእኔ አፍ ቀድሞታል።

ከነገ ወዲያ ወይ በማግሥቱ ጾሙ ይገባል። እንደ ልማዳችን ባለፈው ሳምንት ሁሉም ሰው የሙታኑን መቃብር ሊያጸዳ ወጣ፤ ካጸዳን በኋላ ከዛፉ ሥር ሩዝ ቀረበ። ፓክ ሶዲክ ዱዓ አድርጎ ሲጨርስ ቆምኩ። ጉልበቴን ስለሚያውቅ “ቡ፣ ተቀምጠው ይናገሩ” አለኝ። ቆሜ ይሻለኛል አልኩት።

ልክ ለአንቺ እንደ ጻፍኩት ተናገርኩ። በጆሮዬ ምክንያት ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ከኋላ ያሉት ልጆች እንኳ ሰሙ።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ካርሶ ነው። “ከእኔ ጋን ስትቀጂ ለዚህ ነው ለካ” አለኝ። “እኔ ደግሞ ‘ዋርሲያህ አጓቴን ሁለት ጊዜ ቀዳች፣ ሙያዬን አደነቀችልኝ’ ብዬ ለሚስቴ አውርቼ ነበር።”

ማንም አልሳቀም። ካርሶም አልሳቀም። ቀጥሎ “ታርኪምን አንጎላጅ ያልኩት እኔ ነኝ” ብሎ ተቀመጠና ሣር መንቀል ጀመረ።

ዳርሚ ከሴቶቹ ኋላ ነበረች። ተነሥታ እስከ ምንጣፉ ጠርዝ መጣች። እንድትጮህብኝ ጠብቄ ነበር። በቀስታ ስለ ተናገረች አልሰማኋት ብዬ “ምን አልሽ?” አልኳት። ደገመችልኝ፣ ሁሉም ሰው እየሰማ።

“ለእኔ የጠቀለልሽልኝስ ከየትኛው ነበር?”

“ከገበያው” አልኳት።

ጫማዋን ፈልጋ አደረገችና ሄደች። ሳህኗን ጥላ ነው የሄደችው፤ ሩዙ አልተነካም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጠቅልልልሽ። የጤና ቢሮ ሰዎች ራሴ አስጠርቻቸው መጥተው ታሁ ቤቴን አሸጉት። መንደሩ ተስማምቶ ጋዙ ሲመለስ ወደ ማድቤቴ የሚሄደው ቧንቧ ለአንድ ዓመት እንዲቆረጥ ወሰነ። ፓክ ሶዲክ “ይበዛብዎታል?” ሲለኝ አይበዛም አልኩ። ሴት ልጄ መጥታ “እናቴ፣ ዝም ብትዪ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?” አለችኝ። ልጆቿን ይዛ ስትሄድ ሰማያዊውን ሳህን ሰጠኋት።

ፓክ ሶዲክ ለታርኪም መልእክት ልኮለታል። እስካሁን መልስ የለም።

ዋርሲያህ

ባንዱንግ፣ ጁላይ 25 ቀን 2013

ለቡ ዋርሲያህ፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ባዶ ሆድዎን ውሃ እንዳይቀዱ ጎረቤት ይለምኑ። አሁን መለመን እንደሚከብድዎ ባውቅም።

ደብዳቤውን አልጣልኩትም፤ ልኬዋለሁ። የእርስዎ መናገር የእኔን አይሸፍንልኝም። ለፕሮፌሰሬም አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ “ጠርሙሶቹን ደብቀሽ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ አንቺ ግን አይተሽ ነው የፈረምሽው” አለኝ። ከጥናቱ ስሜ ወጥቷል። ከቤተ ሙከራው አላስወጣኝም፤ የሌሎችን ጠርሙስ አጥባለሁ። እናቴ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ ደክሞኝ ነው እላታለሁ። ለእሷ ገና አልነገርኳትም። እርስዎ በመንደሩ ሁሉ ፊት ቆሙ፣ እኔ እናቴ ፊት መቆም አቃተኝ።

ለጉድጓዱ እርሾ ይዤ እመጣለሁ። ሌምባንግ ውስጥ የከብት ፋንድያ ጉድጓድ ያላቸው ገበሬዎች ስምንት በርሜል አተላ ፈቅደውልኛል። ጤነኛ ነው፤ ጋዝ ሰጪዎቹ ሞልተውበታል። ከኢድ በኋላ፣ በኦገስት መጨረሻ።

አልጋዬ እርስዎ ቤት እንደ ተነጠፈ መሆኑን አውቃለሁ። እዚያ ላድር አልችልም። ዳርሚ ቤት ሄጄ ሳልናገር እርስዎ ቤት ብተኛ፣ አንድ ጊዜ የመረጥኩትን ሁለተኛ መምረጥ ይሆንብኛል። መስጊዱ አጠገብ ባለው የእንግዳ ክፍል አድራለሁ። እንዳይቀየሙኝ።

ራትሪ

ካሊፑቹንግ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 2013

ንዱክ፣

አልተቀየምኩሽም። ስትመጪ አጥሩ ላይ ቆመሽ ሰላም ብለሽኝ ወደ ዳርሚ ቤት ስታልፊ ከመስኮቱ አይቼሻለሁ። እዚያ ምን እንደ ተባባላችሁ አልጠይቅሽም። ስትወጪ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር፤ በእጅሽ ግን የጠጣሽበትን ብርጭቆ ይዘሽ ልትመልሺላት ዞርሽ። ውሃ ሰጥታሻለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ለእናትሽ መንገርሽን ጽፈሽልኛል። ምን እንዳለችሽ አልጻፍሽም። ይሁን።

የእኔንና የዳርሚን ጠይቀሽኛል። ስትመጪ ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው።

በኢድ ማለዳ እንደ ሁሉም ሰው አዲስ ልብስ ለብሼ ቤት ለቤት ይቅርታ ልጠይቅ ወጣሁ። ሰው አልከለከለኝም፤ እጅ ሰጠኝ፣ ብስኩት አቀረበልኝ። ዳርሚ ደጅ ስደርስ ታርኪም ከቺላቻፕ መጥቶ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ትከሻው ላይ የከረጢት ጠባሳ አለ። ጎንበስ ብዬ “በግልጽም በስውርም የበደልኳችሁን ይቅር በሉኝ” አልኩ፣ በዚያ ቀን ሁሉም እንደሚለው። ዳርሚ ከውስጥ ወጣች።

“በኢድ ይቅርታ ማንም ይጠይቃል” አለችኝ። “ለማንም ለማንም የሚባለውን ለእኔ አታምጪብኝ። ሌላ ቀን ነይ።”

ሌላ ቀን ሄድኩ። ተራ ማክሰኞ ነበር፣ የቤት ልብሴን ለብሼ። በር ላይ አቆመችኝ፤ ግቢም ሂጂም አላለችኝም። ሐኪም ቤት ሄዳ እንደ ነበር ነገረችኝ። ኩላሊቷንም ጉበቷንም አይተው ደህና ነሽ ብለዋታል። “ደህና የሆንኩት ላንቺ ስል አይደለም” አለችኝ። አዎ አልኳት። “ከሆስፒታሉ ስመለስ መንገድ ላይ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው” አለች። “አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጣዕሙ ተለየብኝ አላልኩም። ሃያ ዓመት የሠራሁትን ታሁ ሳላውቀው ቀረሁ። አንቺን አምኜ ምላሴን እንኳ መጠየቅ ትቼ ነበር።”

ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ።

ታርኪም ቁልፉን ተቀብሏል። ፓክ ሶዲክ በአዳራሹ፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው የሰጠው። ካርሶ ተነሥቶ “እኔ ነኝ ያሳቅሁብህ” ሲል፣ ታርኪም “ተቀመጥ፣ ታሁህ ይኮመጥጣል” አለው። ያን ጊዜ ሳቁ ሌላ ነበር። የእኔን እጅ ግን አልጨበጠም። ሲያልፈኝ “ቡ” ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ልክ ከሌላ አገር ለመጣች ባልቴት እንደሚደረገው።

አሁን የምትጠብቂውን ልንገርሽ። ያመጣሽው አተላ ከገባ በሃያ ስድስተኛው ቀን የካርሶ ሚስት ምድጃ ላይ ሰማያዊ ነገር ታየ። መጀመሪያ ሄዶ መጣ፤ ጠፍቶም ዋለ። ታርኪም በየቀኑ ጥቂት ብቻ እያስገባ፣ እንዳልሽው ሳያጣድፋቸው ከረመ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሠላሳ ሦስቱም ማድቤት ይነዳል። የቁርስ ሰዓት ሲሆን በመንደሩ ጭስ የሚወጣው ከእኔ ጣሪያ ብቻ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ቤቴን በዚያ ይለያል።

ትናንት ጠዋት እሳት ሳነድ ዳርሚ በአጥሩ በኩል አለፈች፤ የታጠበ ልብስ በሳፋ ይዛለች። አለፈችና ቆመች። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አንድ ቃል አልሰጠችኝም ነበር።

“ጭስሽ ልብሴ ውስጥ ገባ” አለችኝ። “ያጠብኩትን መልሼ ልጠብ ነው?”

“ይቅርታ” አልኳት።

“ይቅርታውን ተይና እንጨቱን አድርቂው። ይኼን ሁሉ ዓመት ኖሮ እርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰው አይቼ አላውቅም። ደግሞ ከላይ ከላይ አትከምሪው፣ አየር ይግባው።”

ይህን ብላ ሄደች።

እሳቱን አጠፋሁት። ቁርሴንም ተውኩት። እንጨቱን አንድ በአንድ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ለማስጣት ተነሣሁ። ደህናው ፀሐይ በእሷ ደጅ በኩል ነው ያለው፤ ወደዚያ ለመሄድ ግን አልደፈርኩም። በእኔው በኩል፣ ጥላው ቶሎ በሚመጣበት አሰጣሁት፤ ጥላው ሲደርስ አንሥቼ ወደ ፊት አዛወርኩት፣ ሲደርስ ደግሞ አዛወርኩት። እንዲሁ ስል ዋልኩ።

እናትሽ ዋርሲያህ